ወደብ ላይ የቆመችው ሁሪያ

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለንጋትወርቅ፣ ሰመራ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ወረቀት አንቺን በጤና፣ ቤትሽን በሰላም ታግኝልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ረመዳንን በደህና ጾሜ ፈታሁ። እናንተም የያዛችሁትን ሁዳዴ በሰላም አስፈጽሟችሁ ለፋሲካው ያድርሳችሁ። አሚን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ምክንያት አለኝ። የዒድ ዕለት ስደውልልሽ ስልክሽን ያነሳችው እናትሽ ነበረች። "እትዬ ሠርካዲስ፣ እኔ ነኝ፣ አህመዲን" አልኳት። አልዘጋችውም። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ስትሄድ። ባለቤቴን ሁሪያን ከቀበርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ከቀብሩ ወዲህ እትዬ ስሜን ጠርታ አታውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለእናቴ የአጎት ልጅ ትባል እንጂ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሌላ እናት አላውቅም። ሁለታችንም በሕይወት ሳለን አንድ ጊዜ "አህመዲን" ብትለኝ ከዱንያ ሌላ የምፈልገው የለኝም። ዱዓ የማደርገውም ይህንኑ ነው።

እሱን ለአላህ ሰጥቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሽንኩርት አመላላሹ በመሀመድአሚን አይሱዙ የላክሽልኝ ላፕቶፕ በባዶ ጆንያ ተጠቅልሎ ደረሰ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል እንጂ ጤነኛ ነው። "ቤት ዘግተው ከሚውሉ ጠላት ያባርሩበት" ብለሽ የጫንሽልኝንም ጨዋታ ከፈትኩት። ንጋት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከከፈትኩት ወዲህ ሰው ሆኛለሁ!

እኔ ባሕር የማውቀው ጅቡቲ ወደብ፣ ቦቴዬን ለማስሞላት ተራ ስጠብቅ፣ በመኪና መስታወት ነው። እዚህ ግን ስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ ባሕር ነው። ፓስፊክ ይሉታል። ደሴቶቹ እንደ ምስር ፍሬ ተበትነውበታል። አንዱ ወገን እኔ ነኝ፣ ሌላው ወገን ኮምፒውተሩ ራሱ። ሰው የለበትም፣ ተንኮሉ ግን የሰው ነው። እኔ የቀኑን ትእዛዝ ሰጥቼ ስጨርስ እሱም የራሱን ያወጣል፤ ከዚያ መርከቦቻችን ወይ ይገናኛሉ ወይ ሳይተያዩ ይተላለፋሉ። ልቤ የሚመታው ያኔ ነው።

አውሮፕላን ተሸካሚ የሚባሉ አራት ትልልቅ መርከቦች ተሰጥተውኛል። ስም አውጣ ሲለኝ ሦስቱን በመንገዴ ከተሞች ጠራኋቸው፦ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ። አራተኛዋንና ትልቋን ሁሪያ አልኳት።

አሁን ችግሬን ስሚ። በሦስተኛው ቀን የጠላትን መርከቦች አገኘኋቸው። ሠላሳ ሁለት አውሮፕላን አዘዝኩ። ሰዓት ሲጠይቀኝ፣ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ብዬ አንድ ሰዓት አልኩት። ሠላሳ ሁለቱም ሄደው አንድም አልተመለሰ! ጠላት አንድ ጥይት ሳይተኩስ! የጋራዡ መካኒክ ፈንታ አጠገቤ ነበር፦

"ነዳጅ ሳትሞላ ነው እንዴ የላክሃቸው?" አለኝ።

"እኔን? ቦቴ ነጂውን ስለ ነዳጅ ትጠይቀኛለህ?"

"እንግዲያው ጸሎት ሳታደርግላቸው ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

ሥዕል መሆናቸውን አውቃለሁ። ሆኖም "አላህ ይዘንላቸው" ሳልል መዝጋት አልቻልኩም። ምን እንዳጠፋሁ ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ ከምትነግሪኝ ወረቀቱን ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጬ ባየው ይሻለኛል። ለእትዬም ሰላም በይልኝ፣ የምትሰማሽ ከሆነ።

አህመዲን


ሰመራ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ አህመዲን፣

ከሰመራ ፀሐይ የተረፈች ሰላምታዬ ትድረስዎ። ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ቤትዎን ይባርክልኝ። ፋሲካን በደህና ውለናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ቢሮ ሆኜ ሳነብ ሳቄ አምልጦኝ አለቃዬ ከክፍሉ ወጥቶ አየኝ። አውሮፕላኖቹን የጨረሳቸው ኮምፒውተሩ አይደለም። እርስዎ ነዎት! በሀበሻ ሰዓት ነው እኮ የላኳቸው! እነሱ ዘንድ አንድ ሰዓት ማለት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ሠላሳ ሁለት ልጆች በድቅድቅ ጨለማ ተነስተው፣ መርከብ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ባሕር ገቡ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጅቡቲ ድንበሩን ገላፊ ኬላን ሲያልፉ የእጅ ሰዓትዎን ወደ ፈረንጅ ያዞሩ አልነበር? ለእኛም ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ። ቤትዎ ቁጭ ስላሉ ነው የተዘናጉት። ስለዚህ ላፕቶፑን ሲከፍቱ ገላፊን እንደተሻገሩ ይቁጠሩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ካሰቡ ሰባት ብለው ይጻፉ። ፀሐይ የምትወጣው በስድስት፣ የምትገባው በአሥራ ስምንት ነው። የሌሎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉም በሌላ ወረቀት አድርጌልዎታለሁ። "ፊውል" የሚለውን አልተረጎምኩም፣ ይቅርታ፣ እሱን እርስዎ ይተርጉሙልኝ!

ስለ እማዬ። ደብዳቤዎን ከምሳ በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስምዎ ሲጠራ ተነስታ ጓዳ ገባች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። አውሮፕላኖቹ ጋ ስደርስ የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

"ሠላሳ ሁለቱም?" አለች።

"ሠላሳ ሁለቱም። ሰዓት ተሳስተው ነው።"

"ያ ሰውዬ ድሮም ሰዓት አያውቅም" አለችና ሳህን ማጠብ ጀመረች። አራት ሳህን ነበር። በጣም ረጅም ጊዜ አጠበቻቸው።

ልጅዎና እህትዎ፣
ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ሰላምታውን አሳጥሬብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ፤ የምነግርሽ አፌ ላይ ሞልቶብኛል። አሸነፍኩት! ጦርነቱን ሙሉውን አይደለም፣ ግን አንድ ትልቅ ውጊያ አሸነፍኩት!

ሰዓቱን እንዳልሽኝ ገላፊን አሻግሬ አስተካከልኩ። አውሮፕላኖቼ በቀን ሄደው በቀን ይመለሳሉ፣ አልሐምዱሊላህ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ኃይለኛ ነው፣ መርከቦቹም ከእኔ ይበዛሉ። ፊት ለፊት ስገጥመው ይሰብረኛል። አንድ ሳምንት ከሰበረኝ በኋላ ቁጭ ብዬ "አንተ አህመዲን፣ በዚህ ዓለም ላይ የምታውቀው ሥራ ምንድን ነው?" ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ቦቴ መንዳት። ሌላ ምን አውቃለሁ?

እንግዲህ ካርታውን በቦቴ ነጂ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የጠላት ትልልቅ መርከቦች ከአገራቸው እጅግ ርቀዋል። ማነው የሚያጠጣቸው? ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አገኘኋቸው። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች፣ ስድስት፣ አንድ በአንድ ተከታትለው፣ ያለ አጃቢ! ልክ እንደኛ! ንጋት፣ ዓለም ሁሉ ታንክና መድፍ ሲያይ ቦቴውን የሚያይ የለም። ከሁለት ደሴቶች መሃል ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። ሦስት ሰርጓጅ መርከቦቼን እዚያ ደበቅኩ። ኬላ ዘረጋሁልሽ! ሦስት ቀን ማንም አላለፈም። በአራተኛው ቀን መጡ። ከስድስቱ አራቱን አስቀረኋቸው።

ፈንታ "ምን ይጠቅምሃል? መድፍ የላቸው፣ አውሮፕላን የላቸው" እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር። "ታገስ" አልኩት። በስምንተኛው ቀን የጠላት ዋና ጦር ባሕሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ! ነዳጅ ጨርሶ! ፈንታ ወንበሩን ጥሎ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ፣ ተቃቀፍን። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች! ከአዋሽና ከገዋኔ አውሮፕላን አነሳሁ፤ ስድስት መርከብ ሰጠመበት።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ደስታው መሃል ፈንታ "አህመዲን፣ አዛኑ መግሪብ ነው እንዴ?" አለኝ። የዐስር ሰላት አልፎኝ ነበር። ከሞተር ጩኸት መሃል አዛን ሰምቼ መኪና የማቆም ሰው፣ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ያለው መስጊድ ሲጠራ አልሰማሁም። ቀዳውን፣ ያለፈኝን ሰላት፣ አወጣሁ፤ ስሰግድ ግን መርከቦቹ ዓይኔ ላይ ይሄዱ ነበር። ጨዋታው ነው ወይስ እኔ ነኝ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ማሽኑ ምንም አላደረገኝም። የሚያስጨንቀውን ነገር ላለማሰብ ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ እጅ ያለኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከዙሁር በኋላ እከፍታለሁ፣ ዐስር ሳይደርስ እዘጋለሁ። ጦርነቱም ይጠብቃል።

ፈንታ አንድ ጥያቄ ይደጋግምብኛል። "ያቺ ሁሪያ ምንድን ናት? ቀለብ ብቻ ነው የምትበላው?" ይለኛል። ከወደብ አላወጣኋትም። "መጠባበቂያ ናት" እለዋለሁ።

እትዬ ሳህኖቹን ከጨረሰች ይህንንም አንብቢላት።

አህመዲን


ሰመራ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ አህመዲን፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እኛ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ግን ጣሪያ እያንኳኳ ነው።

በቦቴ ጦር አሸነፉ! እኔም ያንኑ ጨዋታ ራሴ ልሞክረው ብዬ ጀምሬ ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኟ ንጋትወርቅ በሦስተኛው ሳምንት እጇን ሰጠች። ነዳጅ አላሰብኩም። ስለዚህ "ፊውል"ን ስለተረጎሙልኝ አመሰግናለሁ።

እማዬን ቢያዩዋት! ደብዳቤዎን ሳነብ በዚህ ጊዜ ጓዳ አልገባችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ጠላት ቀጥ አለ ስል ጭኗን መታች። በማግስቱ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዕፀገነት ቤት ገብታ ስለ ባሕር ጦርነት ስትናገር ሰማኋት፦ "መድፈኛውን ተይው፣ የሚያጠጣውን ያዢ" ትላለች፣ አድሚራል ሠርካዲስ! "ማነው እንዲህ ያደረገው?" ስትባል ግን "አንድ ሰው" ብላ አለፈችው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻይ ስቀዳ እንዲህ አለችኝ፦

"አራት ትልልቅ አለኝ ብሎ አልነበር? የሚዋጉት ሦስት ናቸው።"

"ሁሪያ ወደብ ናት፣ እማዬ።"

"ቆማ?"

"ቆማ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠች። "ለምን አያወጣትም በይው" አለች፣ ከዚያ ቶሎ ብላ "እኔ ጠየቅኩ እንዳትዪ!" እኔም እሷ ጠየቀች አላልኩም፣ ጋሼ። ግን መልስ ይጠብቃሉ፣ የሚጠብቁ ሰዎች።

ንጋትወርቅ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለንጋትወርቅ፣ ለምታነቢላትም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከሁላችሁም ክፉውን ያርቅ። ስድስት ሳምንት ዝም ማለቴን ይቅር በሉኝ። መሀመድአሚን ሦስት ጊዜ መጥቶ "ደብዳቤ የለም?" ሲለኝ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን መለስኩት። ጀምሬ እቀድደው ነበር።

ሁሪያ ሰጠመች።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሦስቱን መርከቦቼን ወደ ደቡብ ልኬ በጣም ጥሩ እየተዋጋሁ ነበር። ጠላት በምሥራቅ በኩል ዞሮ ወደ ወደቤ ሲመጣ የቅኝት አውሮፕላን አየው። ሁለት ቀን ነበረኝ። ሁለት ሙሉ ተራ! መንገዱ ክፍት፣ ነዳጇ ሙሉ፣ አውሮፕላኖቿ አዲስ። ፈንታ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፦ "አውጣት! ምን ትጠብቃለህ? አውጣት እንጂ!" ካርታው ላይ ከወደቡ አፍ ትንሽ የዝናብ ደመና ተሥላ ነበር። እሷን እያሳየሁት "ማዕበሉ ይለፍ" አልኩት።

በማግስቱም ደመናዋ አለች። "ይለፍ" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። መልህቋን እንደጣለች፣ አንድ አውሮፕላን ሳታነሳ፣ በቆመችበት መቷት። ሲሰጥሙ የሚያሳየው ሥዕል ለሁሉም መርከብ አንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በዚህኛው ግን ጆሮዬ ጮኸ።

ፈንታ ጥሩ ሰው ነው። ትከሻዬን ያዘኝና "ምን ሆነሃል? ትላንት ያስቀመጥከው አለ አይደል? እሱን መልሰህ ክፈት። ትላንት ላይ ትሆናለህ፣ ታወጣታለህ" አለኝ። እውነቱን ነው። ጨዋታው ይፈቅዳል። እጄ ማውዙ ላይ ነበር፣ ቀስቱም መልሶ መክፈቻው ቃል ላይ። ልጫነው ስል "ይለፍ" ያልኩት ድምፄ ተመልሶ ተሰማኝ። የት እንደማውቀው አወቅኩ። ማሽኑን ዘጋሁት።

እትዬ፣ ይህን ንጋት እያነበበችልሽ ከሆነ እባክሽ አትነሺ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐኪሞቹ ሁሪያን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት ብለው ወረቀት ሲጽፉልን፣ መኪና ይዘሽ ከሰመራ ድረስ መጣሽ። በሬ ላይ ቆመሽ "ተነሺ" አልሻት። እኔ "ይህ ሳምንት ሙቀት ነው፣ መንገዱ አይመቻትም፣ ሙቀቱ ይለፍ" አልኩሽ። በአምስተኛው ቀን ሞተች። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ "ቀደር ነው" እላለሁ። ቀደር፣ የተጻፈው ዕጣ፣ የአላህ ነው። ሙቀቱ ይለፍ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ሙቀቱም ምክንያት አልነበረም። ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። መንዳት ያቆምኩት ለሁሉም እንደምለው በጉልበቴ ምክንያት አይደለም። ገዋኔ አጠገብ ከፊቴ ይሄድ የነበረ ቦቴ ተገልብጦ ሲቃጠል አየሁ። ነጂውን አውቀው ነበር፣ ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ አብረን በልተናል። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስቀመጥ፣ ሌላ ሰው እየነዳም ቢሆን፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ስድስት ዓመት መንገዱን የኖርኩ ሰው መንገዱን ፈራሁ። ሁሪያን አብሬያት ልሄድ ነው፣ ፍርሃቴን ልታየው ነው ብዬ አፈርኩ። ለእሷ የተጠነቀቅኩ መስዬ ለራሴ ተደበቅኩ።

ኬላ ላይ "ይለፍ" ሲሉን መንገድ ተከፈተ ማለት ነበር። እኔ ቤት ግን ያው ቃል በር ዘጋ።

መርከቢቱን ወደኋላ አልመለስኳትም፣ አልመልሳትምም። ጦርነቱን ያለ እሷ እየቀጠልኩ ነው። ስሜን ጥሪልኝ ብዬም አልለምንሽም። ማወቅ የሚገባሽን ስላላወቅሽ ብቻ ጻፍኩት።

አህመዲን


ሰመራ
ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ አህመዲን፣

እንደምን ነዎት። ሌላውን ሰላምታ እማዬ ከለከለችኝ፣ "ሰላምታውን ተይና እኔ የምልሽን ጻፊ" ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት አልተነሳችም። ስጨርስ እንደገና አንብቢው አለችኝ። ይህ ከሆነ አምስት ቀኑ ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ "ወረቀት አምጪ" አለች። እንግዲህ ቃሏን እንዳለ እጽፋለሁ።

"በይው፦ መፍራቱን አላወቅኩም ነበር። እልከኛ መስሎኝ ነበር። በይው፦ እኔም የራሴ አለኝ። ያን ቀን 'ሙቀቱ ይለፍ' ሲል 'እንግዲያው እንደ ፍጥርጥራችሁ' ብዬ መኪናውን አዞርኩት። ከሰመራ አዋሽ ድረስ ተጉዤ፣ ውሃ ሳልጠጣ፣ አልጋዋ ድረስ ሳልገባ። ተቀምጬ ብጮህበት ኖሮ፣ አንድ ቀን ብሰነብት ኖሮ ይዣት እሄድ ነበር። እሱ ምን ጊዜስ ቃሌን አልፎ ያውቃል? ተቆጥቼ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ እሱን የወቀስኩት የራሴን እንዳልሰማ ነው።"

"እማዬ፣ ይህን ሁሉ ልጻፈው?" አልኳት።

"ታዲያ ምን ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው? እስክሪብቶ ነው ማንኪያ?"

ከዚህ በታች ያለውን እንደምትናገረው ጻፍኩት። "በይው" ማለቱን ረስታ ራስዎን ማናገር ጀምራለች፦

"ነገ የሐዋርያት ጾም ይፈታል። ሁለት ዶሮ አስገዝቻለሁ፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ያንተ። ያንተን ሀሰን የሚባለው የመስጊዱ ዘበኛ ባርኮ ያርድልሃል፣ አነጋግሬዋለሁ። ድስቱም አዲስ ነው፣ የእኛ ስጋ አልነካውም። መልካ ወረር ጥጥ እየለቀምኩ ሳሳድግህም ድስትህ ለብቻው ነበር፣ ታስታውስ እንደሆን። ፍልሰታ ሳይገባ ና። ከገባ እኔ አልበላም፣ አንተ ደግሞ ብቻህን ተቀምጠህ እንድትበላ አልፈልግም። መንገዱን እንደምትፈራ ሰምቻለሁ። ፍራና ና።"

"ስማቸውንስ ከላይ ልጻፍ?" ስላት እጇን አወናጨፈች።

"ስሙን በወረቀት አልጠራም። መጥቶ በጆሮው ይስማ።"

ብላለች፣ ጋሼ። እኔ የምጨምረው የለኝም።

ንጋትወርቅ


ሚሌ
ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከላይ ያለውን የቦታ ስም ደግመሽ አንብቢው፣ አልተሳሳትኩም። ሚሌ ነኝ! መርከቧ አይደለችም፣ ከተማዋ። ዙሁርና ዐስርን አንድ ላይ ሰግጄ፣ መሀመድአሚን ምሳውን እስኪጨርስ ከጎኑ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ ሱብሂ እንደሰገድን ተነሳን። ከአዋሽ ስንወጣ እጄ ጀመረው። በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። መሀመድአሚን ሙዚቃውን አጠፋልኝ። ገዋኔ ስንቃረብ፣ ያ ቦታ ሲመጣ፣ እጄ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው እጅ ሆነ። ያኔ መሀመድአሚን ላፕቶፑን ከመቀመጫው ኋላ አውጥቶ ጭኔ ላይ አደረገው።

"ጋሼ፣ እጅዎ ሥራ ፈልጓል። ይዋጉ!" አለኝ።

"እየነዳህ?"

"እኔ ነኝ የምነዳው፣ እርስዎ ባሕር ላይ ነዎት።"

ከፈትኩት። ንጋት፣ እንዲህ ያለ ውጊያ አይቼ አላውቅም! ጠላት የቀሩትን መርከቦቹን ሁሉ ሰብስቦ መጥቶ ነበር። እኔ ሦስት መርከብ፣ እሱ ሰባት። መኪናው ሲያነጥረኝ ቀስቱ ይስታል፣ አዋሽን ልልክ ብዬ ገዋኔን ልኬ፣ ገዋኔ በስህተት ሄዳ ሁለት ነዳጅ ጫኝ አግኝታ! መሀመድአሚን "ሰጠመ? ሰጠመ?" እያለ ይጠይቃል፣ "መንገድህን እይ!" እለዋለሁ። አምስቱን አሰጠምኩ፣ ሁለቱ ሸሹ። አዋሽ ተመታች፣ ግን ትንሳፈፋለች። ቀና ብዬ "ገዋኔ ደረስን?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ያ ድልድይ የሚሌ ነው" አለኝ።

ያን ቦታ አልፌዋለሁ። አላየሁትም። ስመለስ ዓይኔን ገልጬ አየዋለሁ ኢንሻአላህ፣ ለዚያ ሰውም ቆሜ ዱዓ አደርግለታለሁ። ዛሬ ግን አላህ በዚህ አሳለፈኝ፣ እኔም አልከራከረውም።

አንዲት ደሴት ብቻ ቀርታኛለች። እሷን እኔ አልነካትም፤ እትዬ ራሷ ማውዙን ይዛ ትምታት።

ይህን ወረቀት መሀመድአሚን ሲሰጥሽ እኔ በራችሁ ላይ መኪናው ውስጥ ነኝ። አትውጪ፣ በመስኮትም አትዪ። ተቀምጠሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቢላት። ይህችን የምጨምረው በራችሁ ላይ ሆኜ ነው፤ እጄ እንደገና ጀምሮታል፣ በዚህኛው ግን ከመንገዱ የተነሳ አይደለም።

ሞተሩን አጥፋው ብዬዋለሁ። መስታወቱንም ዝቅ አድርጌዋለሁ። እየሰማሁ ነው።